ለገደል ማሚቶ ትንሽ ቦታ

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ከአንድ ቆርቆሮ ሥር፣
ጉሙ መስኮት ገፍቶ ሊገባ ሲሞክር፣
እኔ ከአምፔ ጋራ ይዣለሁ ክርክር።
ንጹሕ ድምፅ ስጠኝ ስለው እህህ ይለኛል፤
ጥርሱን እንዳመመው ሌሊት ያቃስታል።
ጌይኑን ሽቅብ ባዞር እንደ ወፍጮ ያጓራል፤
ትሬብል ብጨምር ቆርቆሮ ይፍቃል፤
ቤዙን ባበዛበት ጭቃ ይረግጣል።

አንድ ማታ እንዲያውም
(ገመዱ ተልጦ፣ ሽፋኑ አልቆ ነው)
ክሩን ገና ስነካ፣ ከማላውቀው ጣቢያ፣
ከአምፑ ሆድ ወጣ የሽንኩርት ገበያ፤
ቀጥሎም የጠፋች በቅሎ ማስታወቂያ።

ሬዲዮ ጠጋኙ እብሬ፣ ሸዋ በር ያለው፣
የብየዳ ብረቱን በራሰ ጣት እየነካ
እስከ መጨረሻው ሳይናገር ሰማኝ።
«ምን ጎደለው?» አልኩት።
«ምንም አልጎደለ። ተርፎት ነው» አለና
ይቀንስ ጀመረ፤
ጌይኑን ወደ ሦስት፣ ቮልዩሙን ወደ ሰባት፣
ኮምፕሬሰሩን ደግሞ እንደ ጨው ቁንጥር፤
ዲሌዩን፣ «ይኼ ልጅ አፉ ይፈጥናል» ብሎ
ዘግየት አስደረገው፤ ሁለቴ እንዲመልስ፣
ሦስተኛው ሳይሰማ መንገድ ላይ እንዲቀር።
«ሪቨርብ የምትለው ገደል ማሚቶ ነው።
ጦሳ ሥር ቆመህ ተጣርተህ አታውቅም?
ገደል የሚመልስ አንተ ዝም ስትል ነው፤
እየጮህክ ብትውል ምኑን ይመልሰው?»

ገመዱን በየደ። ሒሳብ ስጠይቀው፣
«የገመዱን ክፈል፤ የዝምታው ነፃ ነው።»

ቤቴ ገባሁ። ጉሙ ቀድሞኝ ተኝቷል።
ከባቲ ቅኝት አንድ ክር ነካሁ።
ነጠላ ድምፅ ወጣች፣
ታጥባ እንደ ተሰጣች ነጠላ፣
ጫፏ ቦርከና ድረስ የሚንጠባጠብ።
ሄደች። ቆየች። ዞራ ተመለሰች፣
ከመጀመሪያዋ ጥቂት አርጅታ።
ሦስት በአራት ክፍሌ፣ ግድግዳው ሸሸና
የጦሳን ጀርባ አየሁ።

ሁለተኛዋን ልነካ ጣቴን ሳነሳ
መብራት ሄደ።
የአምፑ ቀይ ዓይን ቀስ እያለ ከሰመ።

ከዚያ ግድግዳው ኳ አለ።
ጎረቤቴ ናት፣ ዘሃራ፤
ሁለት ዓመት ሙሉ በመጥረጊያ እጀታ
«ኧረ በቃህ!» ስትለኝ የኖረች።
ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት፣
«ለምን አቆምከው?» አለች።

መልስ አልሰጠሁም። በጨለማው ውስጥ
ክር ያልነካው ድምፅ፣ ኮረንቲ ያልሰጠው፣
እንደ ገና መጣ፤
ኳ።
ትንሽ ቆየት ብሎ፣ ትንሽ አርጅቶ፣
ኳ።