ሃያ ሜትር ሽቦ

ካርታዬ ላይ ያለው ዘጠና አራት ካሬ፣
ሰባት በዐሥራ ሦስት ከምናምን፣ ዳር ዳሩን አጥሬ።
ሽቦው ግን ሃያ ይላል። ሞገድ አይደራደር፤
ሊዝ አያውቅ፣ ይዞታ አያውቅ፣ ወሰን አያውቅ፣ ድንበር።
በሰያፍም ለካሁት፤ ዐሥራ አምስት ከስንዝር።
ቀሪው ወዴት ይሂድ? ከእታፈራሁ ግቢ በስተቀር?

ደበላ አጣና ሻጩ በጋሪ አመጣልኝ፣
«ለምን ቤት ነው?» ሲለኝ፣
«ለድምፅ» አልኩት፤ ሳቀብኝ።

ሁለት ደንብ አስከባሪ ከቱሉ ዲምቱ መጡና
የፈቃዴን ወረቀት ገልብጠው አዩና፣
«ፎቁስ መቼ ይወጣል?» አሉኝ፣ ወደ ምሰሶው ቀና።

እታፈራሁ ግን፦ «ከአቮካዶዬ እሰረው፣ ግዴለም።
ልብስ ይሰጣበታል?»
«ኧረ እትዬ፣ አይሆንም።»
«ታዲያ ከማን ልታወራ ነው?»
«ከማላውቀው ሰው።»
ቀና ብላ አየችኝ፣
«እኛን የምታውቀንን በዓመት ስንቴ ጠየቅኸን?»

መብራት ጠፍቶ ነበር። በመኪና ባትሪ
እስከ ሌሊት ዘጠኝ ብቻዬን ተጣሪ።
ከዚያ ከሹክሹክታው፣ በትነው እንደሚያነፍሱት ጤፍ፣
አንድ ድምፅ፣ የክር ጫፍ፦
«ቀጭን ነህ፤ ግን ትሰማለህ።»
ከመርከብ ይሁን ከደሴት ሳልይዘው ጠፋ።

ሲነጋ ወጣሁ። ከአጥሩ ወዲያ ማዶ፣
ሽቦዬ ከታሰረበት ከዚያ አቮካዶ፣
አንዲት የሕፃን ካልሲ፣ እርጥብ፣ ትወዛወዛለች።
ልቆጣ በሯን መታሁ።
ከፈተችና «ግባ» አለች።
ገባሁ።