ቨርሊን ስትተረትር

ሞርጋንታውን ላይ ቅዳሜ ነው፤ ተራራው ወርቅና ሰማያዊ ለብሶ፣
ሞላላዋ ኳስ በተወረወረች ቁጥር ጩኸቱ ከወንዙ ማዶ ደርሶ፤
ቨርሊን ግን ከሕዝቡ መቀመጫ በታች፣ ሳሙና ከሚሸትበት ክፍል፣
ማልያ ትሰፋለች። ለእሷ ጨዋታው ክርና ፊደል።

ሠላሳ አንድ ዓመት።

እኔ ካልሲ አጣፊ ተማሪ ነኝ፣ በሰዓት አሥራ ሁለት ዶላር፤
ከጎኗ ቆሜ ነው ያየሁት፣ የዚህን ነገር ዳርና ዳር።

«ድሮ፣» ትላለች፣ «አንድ ልጅ ከመጣ አራት ዓመት ይኖራል ስሙ፤
ትከሻውም ይሰፋል፣ እኔም እሰፋለሁ፣ እስኪመረቅ ከነሕልሙ።»

አሁን ታኅሣሥ ሲገባ ስልክ ይንጫጫል፣ የዝውውሩ በር ይከፈታል፤
ከቴክሳስ አንድ ቱጃር ይደውላል፣ ከፍሎሪዳ መኪና ሻጭ ይጣራል።
ማን ይፈርድበታል?
አሰልጣኙ በዓመት የሚወስደው ሚሊዮን እየተቆጠረ፣
ልጁ በነጻ ትምህርትና በሳንድዊች ብቻ እየተሰበረ
የኖረበትን ዘመን ታውቃለች፤ ክፉ አትናገርም።
መቀሷን ታነሳለች። ትተረትራለች። አትቸኩልም።

ፒትስበርግ እንኳ፣ የሰባ ማይል ጎረቤት፣ የጥንቱ የጠብ ወዳጅ፣
በሊግ ተለየን፤ ለቴሌቪዥን ብለን በረርን ወደ አሪዞና ደጅ።
ካርታውም እንደ ማልያ ነው ለካ።

የተፈታውን ስም ሁሉ በብስኩት ቆርቆሮ ታስቀምጣለች።
ለምን? ብላት፣ «ለመጣያ ይከብዳል» አለች።
ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፣ ይባላል፤
እዚህ ከአንድ በረዶ በላይ መቼ ይውላል?

ባለፈው ኅዳር አንድ ሰው መጣ። ግዙፍ፣ ባለ ከዘራ።
በሩን ይዞ ቆመ፤ የመጣበት ጠፋበት፤ ማንንም አልተጣራ።
ስንት ጊዜ ነበር ያ ራስ ከሌላ ራስ የተላተመው፣
ስንት ጊዜ ነበር ስታዲየሙ አጨብጭቦ ያስደገመው?

ቨርሊን አልጠየቀችውም። ከቆርቆሮው ሥር፣ ከሌላው ሁሉ የሰፋ፣
አሥራ አንድ ፊደል አወጣች፣ በወጣት እጇ የተሰፋ።
መዳፉ ላይ ዘረጋችው። ክሩን በጣቱ ዳበሰ፤
«ፔን... ደር... ግራስ» አለ። ዝም አለ። ደግሞ ከመጀመሪያው መለሰ።

ከላያችን ስድሳ ሺህ ሰው ይጮኻል፣
የሌላ ልጅ ስም።