የቆርኪ ተከላካይ

ነገ ፖሊያችን ከፔዳ ነው።
ማታ፣ ጣና ዳር ዓሣ ቤት፣ ጠረጴዛው ሜዳ ነው፤
መብራት እንደ ልማዱ ሄዷል፤ በይሁኔ ስልክ ብርሃን
ዐሥራ አንድ የአምቦ ውኃ ቆርኪ ሰልፍ አስይዘን

«አራት አራት ሁለት!» ይላል ታዘባቸው፣
ወደ ኋላ በጥፍሩ እየሳባቸው።
«የፈሪ ነው ይሄ!» መንበሩ ተቆጣ፣
«በሁለት አጥቂ ጎል ከየት ሊመጣ?»
የቀረሶውን አጥንት ከሣሕኑ አነሣና
መሐል መስመር አደረገው፤ ዳጣው አልደረቀም ገና።

ከዚያ ስድስታችንም (ብርቅ ነው) ገጠምን በአንድ ነገር፦
የግራ ተከላካዩ፣ ልጃለም፣ ይቀየር።
«አምና ሁለቱም ጎል በሱ በኩል ነው የገባው፤
ሜዳ ላይ ያንቀላፋል። ሌሊት ሌሊት ምን ሲሠራ ነው?»
እኔም «እግሩ ከባድ ነው» አልኩ፣
ሎሚ እየጨመቅኩ።

አስተናጋጁ መጣ። ፊቱ ከብርሃኑ በላይ፤
እጁ ብቻ፣ ጨርቁ ብቻ፣ ይሄዳል ጠረጴዛው ላይ።
ቆርኪዎቹን አንድ በአንድ አንሥቶ፣ ሥራቸውን ወልውሎ
በየቦታቸው መለሰ፣
የግራውን ግን በሁለት ጣቱ ይዞ ቆየ፣ ዝም ብሎ።
«ሰባት ቁጥራቸው» አለ፣ «ሲያጥፍ ወደ ውስጥ ነው፤
አማካዩ ካልተመለሰ፣ አንድ ሰው ምን ሊያደርገው?»

መብራት መጣ። ግቢው ሁሉ «እሰይ!» አለ፣
ከኛ ጠረጴዛ በቀር።
አራት ሣሕን ክንዱ ላይ የደረደረው
ልጃለም ነበር።

«ሌላ የምትፈልጉት አለ?»
የለም። ሒሳብ።
ወጣን። ከደንገሉ በኩል ነፋስ ይመጣል፤
እስከ ጊዮርጊስ ድረስ አንድም ሰው አልተነፈሰ፤
እዚያ ስንደርስ መንበሩ፣ «ጉርሻው» አለ፣ «አነሰ።»