ከሰኔ ሠላሳ በኋላ

ቢሮው ለአንድ ገላ ስድስት ሰዓት ፈቅዷል፤
ሳምንቱን በሙሉ በዚያው ይብቃቃል፣
ይላል ሠንጠረዡ። ሠንጠረዥ ምን ያውቃል!

እኔ ነኝ ሰዓቱን በዘንቢሌ ይዤ፣
ከጓንት ከሳሙና፣ በፀሐይ ተጉዤ፣
ደቻቱን የማልፈው በደረቅ አሸዋው።
ወንዝ ነው ይሉታል፣ ውሃ የሌለው።
ሲመጣ ግን ሳያስነግር ነው የሚመጣው።

መጀመሪያ ለገሃር፣ አቶ ድልነሳው ቤት።
ወደ ጅቡቲ ቁልቁል ባቡር የገታ እጅ
ዛሬ ማንኪያ አይገታም ከከንፈሩ ደጅ።
ግራ ጎናቸው ተኝቷል፤ ቀኙ ግን ሌሊቱን
ሲያንኳኳ ያነጋል ያልጋውን ብረቱን።
ያ ባቡር ከቆመ ስንት ዘመን ቢሆንም
እሳቸው ፍሬኑን ገና አልለቀቁም።

ሳጥባቸው ያፍራሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው
ጣቢያ ይጠራሉ፣ ሐፍረቱን ሊያልፉት ነው፦
ሽንሌ፣ ሀረዋ…
ጀርባቸው ላይ ስደርስ አዲጋላ ነን፤
ወገባቸው አይሻ፤
እግራቸውን ሳብስ ደወሌ ገባን።
«ደረስን?» ይላሉ።
«ደረስን፣ አባባ።»

ሁለተኛው ቤት ገንደ ቆሬ ነው፣ ከሰፈሬ አጠገብ።
አዴ ሀሊሞ ሰባ ስምንት ዓመታቸው፣
አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ልጅ አዝሎ ጀርባቸው።
አብዲናስር ቃል አይወጣውም፤
ግን በመንገዱ የሚያልፍ ባጃጅ ሁሉ
የማን እንደሆነ በድምፁ ይለያል፣
ለእያንዳንዱ ሾፌር ሌላ ሳቅ ይስቃል።

አንድ ቀን አዴ ሀሊሞ ሽርጣቸውን ሲቋጥሩ፣
እኔን ሳያዩ እንዲህ አሉ፦
«ሰው ልጄ ይቅበረኝ ብሎ ነው የሚለምን።
እኔ ግን፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣
ከእኔ አንድ ቀን ቀድሞ እንዲሄድ ነው ዱዓዬ።
አንድ ቀን ብቻ። ሁለት አልጠይቅም።»

ቅጼን ገልብጬ አየሁት።
ለዚህ የተተወ ሳጥን የለውም።

ሰኔ ሠላሳ። በጀት ተዘጋ።
ሒሳብ ክፍል ያለችው ሙሉእመቤት ክፉ ሰው አይደለችም፤
የራሷ አባት ሐረር ተኝተዋል፣ በሰው እጅ።
«እስኪለቀቅ እቤትሽ ዋይ» አለችኝ።
«መቼ ነው?»
«መስከረም… ጥቅምትም ሊሆን ይችላል።»

ገላ የበጀት ዓመት አያውቅም።
ሐምሌም ያልበዋል፣ ነሐሴም ይርበዋል፣
ፍራሹን ሲጫነው ሥጋው ይላላጣል።
እድር አለ ይሉኛል። አለ፣ ማን ይክዳል?
ድንኳን ወንበሩን ጭኖ በሰዓቱ ይደርሳል፤
የሚደርሰው ግን ከሞት ኋላ ነው፣
በቁም ለሚቆስል ማን ተቋቁሞ ነው?

ሄድሽ ወይ በሉኝ።
ሄድኩ፣ ሁለት ሳምንት፣ በገዛ ሳሙናዬ።
ከዚያ የቤት ኪራይ መጣ። ከዚያ ልጄን አተኮሳት።
አዴ ሀሊሞ ጋ ብቅ እል ነበር፣ ቅርብ ነውና።
ለገሃር ግን ራቀኝ።
መንገዱ እኮ ያው ነው። እኔ ነኝ የራቅሁት።

ጥቅምት ገንዘቡ መጣ። «ፈርሚ» ተባልኩ።
ሁለተኛው ረድፍ ላይ፦ ድልነሳው።
አገልግሎቱ የተቋረጠበት ምክንያት፦
ከጎኑ ባዶ መስመር።

ጎረቤታቸው ነግራኛለች፤
ቁስሉ ጀርባቸው ላይ ነው የጀመረው፣
አዲጋላ ላይ።
ከዚያ ወዲያ ጣቢያ የጠራ የለም።

«ሕልፈት በይው» አለችኝ ሙሉእመቤት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።
እስክሪብቶው ላበኝ።
«ሐምሌ» ብዬ ጻፍኩ።

አየችው። አልሰረዘችም።
ማህተሙን አነሳች፣ ደግሞ መልሳ አስቀመጠች።

በማግስቱ ስድስት ሰዓቴን ይዤ
በባጃጅ ገንደ ቆሬ ገባሁ።
አዴ ሀሊሞ በር ላይ ናቸው፣ ትንሽ ጎበጥ ብለዋል።
ከውስጥ አብዲናስር ሳቀ፤
ሾፌሩን አውቆታል።