የዳማው ግብር

ከማዘጋጃው በር፣ ከግራሯ ጥላ፣
ወንበሬ ሦስት እግር፣ ድንጋይ የሚያሟላ፤
ገጹን በሃምሳ ሳንቲም፣ ቴምብሩን ሳልጨምር፣
የናዝሬት አቤት ባይ በእጄ ነው ሚናገር።

ጥር ነበር፤ አቧራ ከወንጂ መንገድ ላይ
እንደ ዱቄት ቦኖ ሲወርድ ከሰማይ፣
በዳሶ ደረሰ፣ አለንጋ በእጁ፣
ከኋላው አሥራ አንድ ጋሪ ነጂ ወዳጁ።

«ጻፍ» አለኝ።
«በጋሪው ታርጋ ላይ ሦስት ብር ጨመሩ፤
ማን ጠየቀን በልና አስቀድም ከበሩ።
የመንገድ ይሉናል፣ ጎማችን ጉድጓድ ውስጥ፤
የመብራት ይሉናል፣ ሰፈሩ ድቅድቅ ጥቁር ምጥ።
ዳማዬ ይከፍላል፣ እኔም እከፍላለሁ፤
ሳይቀረጥ የቀረው እበቱ ነው፣ አውቃለሁ።»

«ቆይ» አልኩት እንደ ሕጉ፣ ብዕሬን አንስቼ፣
«እንደራሴ አላችሁ፤ ለሱ ልጻፍ?» ብዬ፣ ስሙን አስታውሼ።

ሣቁ፣ አሥራ ሁለቱም።

«ምርጫው ቀን» አለኝ በዳሶ፣ «ስም አላነበብንም፤
ሥዕል ነው ያሳዩን፦ ጃንጥላ፣ ፋኖስ፣ ፈረስ።
ፊደል ባንቆጥርም ፈረስ መች ይጠፋናል?
አብረነው ውለናል፣ አብረነው አድረናል፤
ፈረሱን መረጥን።
ወንበሩ ላይ ሲወጣ ግን ባለ ሃያ ጋሻ ሆነ፤
ኮቴው ወደ ሸገር ሄደ፣ እዚያው ተከደነ።»

ጻፍኩለት። ሦስቱን መስመር ማዕረግ በላው፣
አራተኛው ላይ ነው ብሶቱ የገባው።
አሻራውን ጫነ።
«አሁን ቴምብር ግዛ፣ ከዚያ መስኮት» አልኩት።
«ቴምብር ምንድነው?»
«ያው... ግብር ነው።»
«ግብር በዛ ለማለት
ግብር?»

ብዕሬን ክዳኑ ውስጥ ከተትኩ።

ወረቀቱን አጠፈው፣ ሁለቴ፣ ቀስ ብሎ፤
ወደ ጋሪው ሄደ ልጓሙን አላልቶ።
ዳማው አሸተተው፣ በከንፈሩ ዳሰሰ፣
ከነማዕረጉ፣ ከነአሻራው፣ አኝኮ ጨረሰ።
«ፈረስ አልመረጥን?» አለ በዳሶ፣ «ይኸው፣ እጁ ገባ፤
መልስ ካለው ያናፋ።»

ሃምሳ ሳንቲሜን ግን ከፈለኝ፣ አልቀረብኝም።

የካቲት ላይ፣ አንድ ሰኞ፣ ቃጭል ሳልሰማ ነቃሁ።
ከገበያ እስከ ባቡር ጣቢያ
ኮቴ የለም፣ ጅራፍ የለም፣
ጋሪዎቹ ክንዳቸውን ወደ ላይ አንስተው ቆመዋል፣ ባዶ።
ወንበሬን ተሸክሜ በእግሬ ሄድኩ፣
ከግራሯ ሥር ዘረጋሁ፣ ድንጋዩን አስተካከልኩ፣
እስከ ቀትር ጠበቅሁ።

አቤት የሚል አንድ ሰው አልመጣም።
ያን ጊዜ ነው የፈራሁት።