ስሟን ሳላውቅ ጠራኋት

ሐምሌ ነው፣ ሌሊት ነው፣ ዝናቡ አላባራም፤
የባጃጁ መብራት አንድ ዓይኑ አይበራም፤
አባቴ ከጎኔ ደረቱን ደግፎ፣
ፌስታሉን ታቅፎ፣
የልቡን ራጅና የሐኪሙን ወረቀት
እንዳይረጥብ ብሎ ካፖርቱን አልብሶት።

አምስት ወር ጠብቀን የመጣ ቀጠሮ
ነገ በሦስት ሰዓት፤ ካለፈ ዘንድሮ
ሌላ ቀን የለም አሉን።

አዘዞ ደረስን፤ ሰልፉ እንደ ገበያ፣
ሻንጣ በሻንጣ ላይ፣ የለም መተላለፊያ፤
ተራችን ሲደርስ መታወቂያ ሰጠሁ፤
ልጅቷ አየች፣ ደግማ አየች፣
«ስሙ አይገጥምም» አለች።

የእኔ ጥፋት ነበር።
ቲኬት የቆረጥኩት በስልክ ነው፣ በሌሊት፣
እንቅልፍ እያዳፋኝ፣ በፈረንጅ ፊደላት፤
ጎንደር «አዛናው» ስትለው ሰባ ሁለት ዓመት፣
አንዲት ሆሄ ጥዬ ሌላ ሰው አረግኩት።

ከኋላ «ይመለስ!» «እኛስ መቼ ልንሄድ?»
ላቤ ባንገቴ ላይ እንደ አሸንዳ ሲወርድ፣
እጄን ባንኮኒው ላይ እንደ ለማኝ ዘርግቼ፣
ደረቷ ላይ ያለውን ጽሑፍ እንኳ ረስቼ፣
«በአንቺ አምላክ!» አልኳት፣ «በአንቺ አምላክ፣ እህቴ!
ስህተቱ የኔ ነው፤ ልቡን ነው አባቴ።»

ቀና አለች። የተቆጣች መሰለኝ። ፈራሁኝ።
«ስሜን ማን ነገረህ?» ብላ ጠየቀችኝ።
መልስ ሲጠፋኝ ጊዜ ካርዷን አሳየችኝ፦
ባንቺአምላክ
ይላል።

ሰልፉ ሳቀ። ያ «ይመለስ» ያለውም ሳቀ።
አባቴ፣ ከፋሲካ ወዲህ ጥርሱን ያላየሁት፣
ደረቱን ይዞ፣ እየተጠነቀቀ፣
ሳቀ።

ስልኩን በትከሻዋ፣ መታወቂያው በእጇ፦
«አዎ፣ አይቻቸዋለሁ… አዎ፣ እሳቸው ናቸው…
እሺ፣ በኔ ይሁን።»

በኔ ይሁን!
እኔ በምሠራበት ቢሮ ሃያ ዓመት ሙሉ
«ነገ ና» ነው ቃሉ።
እኔም ስንቱን ብያለሁ።

ሆሄዋ ቦታዋ ገባች። ወዲያው ጉሙ ገባ።
ሜዳው ተሸፈነ፣ ዛፉ ተሸፈነ፣
አውሮፕላኑ ከላይ ድምፁ ብቻ ሆነ፣
ዞረ፣ ዞረ፣ ተመለሰ።
ጉሙን ከጓዳዋ እንዳወጣች ሁሉ
ሰው በሷ ላይ ጮኸ፤ ቆማ ሰማች ሁሉን።

ስድስት ሰዓት ግድም፣ ለምሳ ስትወጣ፣
አባቴ ኪኒኑን በባዶ ሆድ ሊውጥ ሲል አየችው፤
የምሳ ዕቃዋን ከፍታ ጉልበቱ ላይ አኖረችው።
«ረቡዕ ነው፣ ልጄ።»
«ሽሮ ነው፣ አባባ።»
እንጀራዋን እኩል አካፈለችው። ጠርዙን ለራሷ አስቀርታ።

ፍተሻው ጋ ጫማ አውልቆ፣ ማጎንበስ አቃተው፤
እኔ ቀበቶዬን ስፈልግ፣
እሷ ናት በጉልበቷ ወርዳ ያሰረችው፤
ድርብ ቋጠሮ፣ እንደ ልጅ።
እሱ እጁን አናቷ ላይ ጫነ።
ምርቃት አዋቂ ነው አባቴ፣ ለሠርግም ለማኅበርም ይጠራል፤
የዚያን ቀን ግን ቃል አላወጣም። እጁን ብቻ ጫነ።

በአሥር ሰዓት ተገለጠ።
ስንነሳ ቁልቁል አየሁ፤ እርጥብ ቆርቆሮ ሲያበራ፣
ሜዳው ዳር አንድ ሰው ቆሞ፣
እሷ ትሁን ሌላ እንጃ፤
እጄን አውለበለብኩ፣ በዝግ መስኮት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣
አባቴ በአዲስ እርምጃ፣ አንድ ኪሎ ብርቱካን ይዞላት
ባንኮኒው ጋ ሄደ።
«ተዛውራለች» አሉት። አንዱ ጅማ አለ፣ አንዱ ሰመራ።
ብርቱካኑን ሻንጣ ጫኞቹ በሉት፤ መርቆ ሰጣቸው፣
የሷን ድርሻ ጭምር።

እኔ ወደ ቢሮዬ ተመለስኩ።
መዝገቡ ያው ነው፣ ሰልፉም ያው፣ ማህተሙም።
ግን ባለጉዳይ መጥቶ፣ ወረቀቱ አንድ ነገር ጎድሎት፣
«በአንተ አምላክ» ሲለኝ
ቀና እላለሁ፤
ስሜን የጠራኝ ይመስለኛል።