ቁጥር አርባ ሰባት

ሦስት ዓመት ሆነው ብዕሬ ከደረቀ፣
ደብተሬም ከመሳቢያው ገብቶ ከወደቀ።
ሰው ሲጠይቀኝም፣ "የት ደረሰ ግጥሙ?"
"ሥራ ነው" እላለሁ፣ "የወገብ ሕመሙ።"
ውሸቴን ነው።
ወገቤ ደህና ነው።

ያልሞከርኩት የለም።
አሽኬሎን ወርጄ ባሕሩን ለመንኩት፤
ጫማዬን ነክሮልኝ ዝም አለኝ፤ ተውኩት።
አዲስ እስክሪፕቶ፣ ጠረጴዛ ገዛሁ፤
ለሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሞልቼ ነቃሁ።
ከመስኮቴ ማዶ የስኳሩ ፋብሪካ
ነጭ ይተነፍሳል፤ ሊያስቀናኝ ነው ለካ!
እኔ ግን በባዶው፣ በወረቀቱ ላይ
ስሜን ስጽፍ ስሰርዝ ቀላ ምሥራቅ ሰማይ።

ጠዋት ኩፓት ሆሊም ነኝ፤ ቅርያት ጋት፣ ሁለተኛ ፎቅ።
የሥራ መጠሪያዬ "አገናኝ" ነው፤
ማለትም፣ ሰው ይረግጠኛል ማዶ ለመዝለቅ።

የሻራቭ ሰሞን ነው። አሸዋማው ነፋስ
መስታወቱን ሲያሽ፣ ሲሄድ፣ ሲመለስ፣
እማማ አንጓች ገቡ፣ ቁጥራቸውን ጨብጠው፤
አርባ ሰባት ይላል፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ብቻቸውን ጠብቀው።

"የት ነው የሚያምዎት?" አለች ዶክተር ላሪሳ፣
ዓይኗን ከስክሪኑ፣ ጣቷን ከፊደሉ ሳታነሳ።
እማማ አንጓች አሰቡ። ሻሻቸውን አጠበቁ።
ከዚያ በዝግታ፦
"በግራ ጎኔ በኩል፣ እሱ ሲወጣ ሳይዘጋው
የቀረ በር አለ፤ ሌሊት ነፋስ ይገባል፤ ማን ተነሥቶ ይዝጋው?"

እኔም ተረጎምኩት። አሥራ አንድ ዓመት እንደለመደው አፌ፣
"የግራ ጎን ሕመም፣ ሌሊት የሚብስ" ብዬ፣ በአጭሩ ከትፌ።
ዶክተሯ ጻፈች። የደም ምርመራ አዘዘች። ማተሚያው ጮኸ።
"አርባ ስምንት!"

በሩስ?
በሩን የት ጣልኩት?

ወንፊት ኖሬያለሁ ለካ፣ የሚነፋብኝ የሰው ቃል፤
ደቃቁ ለሐኪም ይወርዳል፤
ከላይ የቀረውን፣ አላልፍ ያለውን
እንክርዳድ መስሎኝ ስደፋ ኖርኩ፣ ወርቁን።

ስንቱን ደፋሁ!
"ጉልበቴና እኔ ተቀያይመናል" ያሉኝን አባ ፈንቴን፤
"እንቅልፌ እዚያው ቀረ፣ ሻንጣው ሞልቶ ነበር" ያለችኝን ሴት፤
"ደሜ ዕብራይስጥ አይሰማም" ያለውን የስኳር ሕመምተኛ።
ሁሉንም በአንድ ቃል፣ በኪኒን ልክ አሳንሼ፣
ማታ ከባዶ ደብተር ፊት ቃል አጣሁ ብዬ አልቅሼ!

ሮጥኩ። ደረጃው ላይ ደረስኩባቸው።
"እማማ፣ ይመለሱ፤ አንድ ነገር ረስቻለሁ" አልኳቸው።
ዶክተሯ ተቆጣች፤ ወረፋው አጉረመረመ፤
እኔ ግን ደገምኩት፣ ከነበሩ፣ ከነነፋሱ፤
ዕብራይስጤ አነከሰ፣ አቃሰተ፣ ታመመ።
ላሪሳ ጣቷን አነሣች።
ዝም አለች።
ቆይታ፣ "ማን ነው የወጣው?" አለች፤
ወንበሯን ወደ እሳቸው ሳበች።

የመለሱላትን እዚህ አልጽፈውም።
የእሳቸው ነው፤ አልፈቀዱልኝም።
ሲሄዱ ግን ቁጥራቸው ከወንበሩ ሥር ወድቆ
አገኘሁት፤ ጀርባው ነጭ ነው፤ ማን ጽፎበት ያውቃል?
በዶክተሯ እርሳስ፣ መተላለፊያው ላይ፣ ግድግዳ ተደግፌ
ሁለት መስመር ጻፍኩ። ሁለት ብቻ።
እጄ ግን ሞቀ።

ከዚያ ወዲህ ኪሴ የወረፋ ቁራጭ ነው።
ሚስቴ ልብስ ስታጥብ ትቆጣለች፤
አንድ ጥሩ ስንኝ ከካልሲ ጋር ታጥቦ ሄዷል።

ሁልጊዜም አይመጣ። ዛሬ ለምሳሌ
ሦስት ጉንፋን፣ አንድ ወለምታ፣ አንድ የመነጽር ማዘዣ።
ቢሆንም አዳመጥኩ።
ወለም ያላት ልጅ እያነከሰች ስትወጣ
በሩን ክፍት ትታው ሄደች።
አልዘጋሁትም።